ስለ ታላቅ ቤትና ስለ ሠራተኛ እጅ

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ከሚመካባቸው ነገሮች አንዱ ቤት ነው። ድኻው ዝናብ የማያስገባ ጎጆ ካገኘ አምላኩን ያመሰግናል፤ ባለጠጋው ግን ፎቅ በፎቅ ላይ ሠርቶ፥ ዙሪያውን በግንብ አጥሮ፥ በበሩ ላይ ዘበኛ አቁሞ እንኳ ልቡ አይረካም። ይሁን እንጂ ቤት ከሠሪው ይልቅ ዕድሜው የረዘመ ስለ ሆነ፥ ዘመን ሲያልፍ ባለቤቱ ይሄድና ቤቱ ብቻውን ይቀራል። ያን ጊዜ ወደዚያ ቤት የሚገባ ሰው አስተዋይ ከሆነ ከብዙ መጽሐፍ የማያገኘውን ትምህርት ያገኛል።

እኔም ከጥቂት ጊዜ በፊት እንደዚህ ያለ አንድ ቤት ለማየት ሄጄ የተማርሁትን፥ ይልቁንም ስለ ራሴ የተማርሁትን፥ ለወጣት አንባቢዎቼ ለመንገር አስቤአለሁ። በነገሩ ውስጥ ልሸሽገው የምወደው ክፍል አለ፤ ነገር ግን ጽሑፉ የሚጠቅመው በዚያ ክፍል ስለ ሆነ አልተውሁትም።

እኔ የላንቴ ሰው ነኝ። ላንቴ ከአርባ ምንጭ ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ዳር፥ ከጋሞ ተራሮች ሥር፥ በአባያ ሐይቅ በኩል የምትገኝ ቆላ ናት። ምድሯ ለሙዝ የተመቸች ናት፤ ሙቀቷና ወባዋ ግን ለእንግዳ አይራሩም። ወላጆቼ ከዶርዜ ደጋ ወርደው በዚያ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። በደጋው ያለውን የአያቴን ቤት በልጅነቴ አይቼዋለሁ። የዶርዜ ቤት ከተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ቅርጫት የሚታታ፥ አዲስ ሲሆን ቁመቱ እስከ 12 ሜትር የሚደርስ፥ ከፊት ለፊት ሲያዩት የዝሆን ራስ የሚመስል ቤት ነው። ምስጥ ከሥሩ እየበላው ሲሄድ ባለቤቱ የተበላውን እየቈረጠ ይጥላል፤ ቤቱም ከዓመት ወደ ዓመት እያጠረ ይሄዳል። ቦታ መለወጥ ያስፈለገ እንደ ሆነ ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ አንሥቶ በትከሻው ተሸክሞ ይወስደዋል። ይህን እዚህ ላይ ያነሣሁት ኋላ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

የእናቴ ታላቅ ወንድም ገና በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ ሄደው በሽሮ ሜዳ ሸማኔ ሆኑ። ሽሮ ሜዳ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ሲወጡ የሚገኝ ሰፈር ነው፤ ከጋሞ ደጋ የመጡ ብዙ ሸማኔዎች ይኖሩበታል፤ ነጠላውና ጋቢው፥ ባለ ጥለቱ ቀሚስ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰቅሎ ይሸጥበታል። አጎቴ እግራቸውን በጉድጓዱ ውስጥ አድርገው፥ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፥ ከግራ ወደ ቀኝ እየወረወሩ፥ ከንጋት እስከ ማታ ድርና ማግ ሲያጋጥሙ ኖሩ። ከዚያ ጉድጓድ በወጣ ገንዘብ እኔን አስተማሩኝ። ከላንቴ አምጥተው በቤታቸው አኖሩኝ፤ የደብተሬን፥ የልብሴን፥ የጫማዬን ዋጋ ከፈሉ። ሌሊት ከእንቅልፌ ስነቃ የሸማ ዕቃው ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ የነገውን የትምህርት ቤት ክፍያ እየሠሩ እንደ ነበረ የገባኝ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

አሁን ልሸሽገው ወደ ወደድሁት ክፍል ደረስሁ። ትምህርቴ ከፍ ባለ መጠን ጓደኞቼም ከፍ ካለ ቤት የመጡ ልጆች ሆኑ። አባቴ የሙዝ ገበሬ፥ አጎቴ ሸማኔ መሆናቸውን ለማንም አልነገርሁም ነበር። በዚያን ጊዜ «ሸማኔ» የሚለው ቃል የሥራ ስም መሆኑ ቀርቶ ስድብ ሆኖ ሲነገር ሰምቼ ስለ ነበር ፈራሁ። አንድ ቀን ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ሆኜ ከስድስት ኪሎ ወደ ላይ ስንወጣ አጎቴ በነጭ አቡጀዲ የተጠቀለለ ሸማ በትከሻቸው ተሸክመው ከፊታችን መጡ። ፊታቸው በደስታ በራ፤ በአገራችን ቋንቋ ሰላምታ ሰጡኝ። እኔ ግን ራሴን ብቻ ነቅንቄ አለፍሁ። ከጓደኞቼ አንዱ «ማን ናቸው?» ብሎ ቢጠይቀኝ «ከአገር ቤት የማውቃቸው አንድ ሰውዬ ናቸው» ብዬ መለስሁ። አሥር እርምጃ ያህል እንኳ አልራቅንም ነበር። ዘወር ብዬ ሳይ አጎቴ ቆመው የሸማቸውን መጠቅለያ ያስተካክላሉ።

ማታ ወደ ቤት ስገባ እንደ ወትሮው እራቴን አቀረቡልኝ፤ ምንም አላሉኝም። እኔም ዝም አልሁ። አልሰሙም ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሰው ጥፋቱን ለራሱ ሲያሳንስ እንደዚህ ያለ ብልሃት አያጣም።

ትምህርቴን ጨርሼ ወደ ላንቴ ተመለስሁና መምህር ሆንሁ። ዓመታት አለፉ። በቅርቡ የአጎቴ ዓይን ደከመ፤ ክር ከክር መለየት አቃታቸው። እንግዲህ ሥራውን ትተው በአገራቸው ሊያርፉ ፈቀዱና ልወስዳቸው ሄድሁ። ዕቃቸውን ካሰናዳን በኋላ «ጋሼ፥ ከመሄዳችን በፊት በዚህ ከተማ ማየት የሚፈልጉት ነገር አለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት አሰቡና፦

«ያን ቤተ መንግሥት ከውስጥ አይቼው አላውቅም» አሉ። «ከደጁ ሳልፍ ዕድሜዬን ጨረስሁ።»

ቤተ መንግሥት ያሉት በስድስት ኪሎ ያለውን ገነተ ልዑልን ነው። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ነው፤ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየምም በዚያ ይገኛል። ከአጎቴ ቤት በእግር የሚደረስበት ነው፤ እርሳቸው ግን ከአምሳ ዓመት በላይ በአጠገቡ ኖረው አንድ ቀን ስንኳ አልገቡበትም ነበር። እኔም ተምሬአለሁ የምለው ሰው አንድ ቀን ልውሰድዎ ብዬ አላውቅም።

በማግሥቱ ጠዋት አጎቴ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፥ ራሳቸው የሠሩትን ጋቢ ደርበው፥ ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ። ወደ ግቢው ገብተን ዛፎቹንና አትክልቱን እያለፍን ወደ ቤቱ ፊት ደረስን። እኔ የማውቀውን ታሪክ እየተረጐምሁላቸው ቀስ ብለን ሄድን። ያን ታሪክ ለእናንተም በአጭሩ ላስታውሳችሁ።

ገነተ ልዑልን ያሠሩት ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ የተሠራውም ከጣሊያን ወረራ በፊት ነው። ጠላት አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ ግራዚያኒ መቀመጫው አደረገው። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በዚህ ግቢ ለድኾች ምጽዋት ይሰጣል ተብሎ ብዙ ሕዝብ ተሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ ቈስሎ ተረፈ፤ ምጽዋት ሊቀበል የመጣው ድኻ ግን ጥይት ተቀበለ። ከዚያም ሦስት ቀን በከተማው ውስጥ ሰው ተገደለ፥ ቤት ተቃጠለ። በስድስት ኪሎ አደባባይ የቆመው ሐውልት የዚያ መታሰቢያ ነው። በቤቱ ፊት ለፊት ጣሊያኖች የሠሩት ደረጃ ዛሬም አለ፤ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንዳንድ እርከን እየሠሩ ወደ ላይ የሚጠመዘዝ ደረጃ አቆሙ። ደረጃው ግን ወደ የትም አያደርስም። ከጫፉ ላይ ዛሬ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል።

አጎቴ ይህን ሲሰሙ ደረጃውን አሻቅበው አይተው «ምስጥ የማይበላው ደረጃ ሠርተው ነበር፤ ዕድሜው ግን ከእኛ ቤት አጠረ» አሉና ፈገግ አሉ።

ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ከተመለሱ በኋላ ገነተ ልዑል መኖሪያቸው ሆነ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ግን፥ እርሳቸው በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ፥ የክብር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መንግሥት ለመገልበጥ ተነሡ። ሚኒስትሮችና መሳፍንት በዚህ ቤት ታሰሩ። ነገሩ እንዳልተሳካ ሲታወቅ አረንጓዴው ሳሎን በሚባለው ክፍል ውስጥ በጥይት ተደበደቡ፤ ከሞቱትም መካከል ራስ ሥዩም መንገሻና በአርበኝነት ስማቸው የታወቀው ራስ አበበ አረጋይ ነበሩ። እንግዲህ አንድ ቤት የድኻውንም የመስፍኑንም ደም በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ አየ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ንጉሠ ነገሥቱ አልኖሩበትም፤ ለትምህርት ሰጡት። በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. በስማቸው የተጠራው ዩኒቨርሲቲ በዚያ ተመረቀ፤ አንዱ ትልቅ አዳራሽም በአባታቸው ስም ራስ መኰንን አዳራሽ ተባለ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው ዲሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው ከ1967 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ።

ወደ ውስጥ ገባን። በመጀመሪያ የየብሔረሰቡ ዕቃ የተደረደረበትን ክፍል አየን። ይህ ክፍል የተሰናዳው በሰው ዕድሜ ሥርዓት ነው፤ ከልደትና ከሕፃንነት ይጀምርና በጕልምስና አልፎ በሞት ይፈጸማል። እንዲህ ያለው አሠራር ለእኔ በጣም ደስ አሰኘኝ፤ በየነገዱ ከመለያየት ይልቅ ሁሉም እንደ ተወለደ፥ ሁሉም እንደሚሠራ፥ ሁሉም እንደሚሞት ያሳያልና።

ከዚያ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት ሄድን። አልጋው አለ፤ የመታጠቢያ ክፍሉ አለ፤ ልብስ የሚለውጡበት ክፍል አለ። በመስታወቱ ላይ በ1953ቱ ሁከት ጊዜ የገባ የጥይት ቀዳዳ ይታያል። እኔ በዚያ ቀዳዳ ፊት ቆሜ ብዙ አሰብሁ። በዚህ መስታወት ጠዋት ጠዋት ፊታቸውን ያዩ የነበሩት ንጉሥ በ1967 ዓ.ም. መስከረም 2 ቀን ከዙፋናቸው ወርደው፥ በዚያው ዓመት ነሐሴ ሞቱ፤ ዐፅማቸውም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ያረፈው በ1993 ዓ.ም. ነው። ስማቸው በዓለም ሁሉ የታወቀ ንጉሥ መቃብር ለማግኘት ከ25 ዓመት በላይ ቆዩ። ከመኝታ ቤቱ ደጃፍ ላይ አጎቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ለማን ነው፥ ጋሼ?» አልኋቸው። «ሰው የተኛበት ቤት ነው» አሉኝ። ሌላ ምክንያት አልሰጡም።

ነገር ግን እርሳቸው ብዙ የቆዩት በአልጋው ዘንድ አይደለም፤ ወደ ልብሶቹ ተመልሰው ነው። ከመስታወት በስተኋላ አንድ ባለ ጥለት ሸማ ተሰቅሎ ነበር። አጎቴ ፊታቸውን እስኪነካው ድረስ ወደ መስታወቱ አስጠግተው፥ የደከመ ዓይናቸውን አጥብበው፥ እኔ እስኪሰለቸኝ ድረስ ተመለከቱት። ከዚያም በጣታቸው እያመለከቱ እንዲህ አሉኝ፦

«ይህን የሠራው ሰው ጎበዝ ነው። እዚህ ላይ እጁ ቀጥ ብሎ ሄዷል፤ ጠዋት የሠራው ነው። እዚህ ላይ ግን ማጉ ላላ ብሏል፤ አየኸው? ሲመሽ የሠራው ነው፤ ደክሞታል። ከዚህ ደግሞ ክር ተበጥሶበት ቀጥሎታል። ጥለቱን ሲጀምር ግን እንደ ገና በርትቷል፤ የሚታየው እርሱ መሆኑን ያውቃልና።»

እኔ ያየሁት አንድ ነጭ ልብስ ብቻ ነበር። እርሳቸው ግን በዚያ ልብስ ውስጥ አንድ ሰው፥ የዚያንም ሰው ጠዋትና ማታ አዩ። እኔ በዚህች አገር ታሪክ ላይ ያነበብሁት መጽሐፍ ቢቈጠር ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም በዚያች ሰዓት ማንበብ የሚችለው ከሁለታችን ማን እንደ ሆነ ግልጽ ሆነልኝ።

«ማን እንደ ሠራው ይታወቃል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ሠዓሊ ሥዕሉን እንደሚፈርም ሸማኔ ሸማውን እንደማይፈርም፥ እርሳቸው ራሳቸው በዕድሜያቸው በሠሩት ሸማ ላይ አንድ ቀን ስማቸውን ጽፈው እንደማያውቁ አስታወስኋቸው። «እውነት ነው» አሉና ሳቁ። «ብጽፍ ኖሮ ማን ይገዛኝ ነበር?»

በዚህ ጊዜ በአንድ መጽሐፍ ያነበብሁት ነገር ትዝ አለኝ። በብሪታንያ፥ በዌልስ አገር፥ ሬክሰም በምትባል ከተማ አጠገብ ኤርዲግ የሚባል የመኳንንት ቤት አለ። በፈረንጆች አቈጣጠር በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተሠራ ነው፤ ዮርክ የሚባለው ቤተ ሰብ ከ1733 እስከ 1973 ድረስ ወረሰው። በመጨረሻ ከሥሩ የድንጋይ ከሰል ስለ ተቈፈረበት ቤቱ መስመጥና መሰንጠቅ ጀመረ፤ የመጨረሻው ወራሽም ልጅ ስላልነበረው በ1973 ቅርስ ለሚጠብቅ ማኅበር አስረከበው። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ እንደ ሌሎቹ ታላላቅ ቤቶች ታሪክ ነው። ኤርዲግን የሚለየው ግን ይህ ነው፤ የቤቱ ጌቶች ከ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የአገልጋዮቻቸውን ሥዕል አሠርተው ሰቀሉ። አናጢው፥ አትክልተኛው፥ ቤት ጠራጊዋ በየስማቸው ተሥለው፥ ስለ እያንዳንዳቸውም ግጥም ተጽፎ፥ ዛሬ ድረስ ይታያሉ። ኋላም የፎቶግራፍ መሣሪያ ሲመጣ ፎቶግራፋቸው ተነሣ። ጌቶቹ በዚህ ብቻ ቅዱሳን ሆኑ አልልም፤ ጌታ ጌታ ነው፥ ሎሌም ሎሌ ነበረ። ነገር ግን ቤቱን ቤት ያደረጉት እነማን እንደ ሆኑ ላለመርሳት ፈቀዱ፤ ዛሬም ብዙ ሰው ወደዚያ የሚሄደው ከጌቶቹ ወርቅ ይልቅ የአገልጋዮቹን ፊት ለማየት ነው።

ይህን ለአጎቴ ነገርኋቸው። በጥሞና ካደመጡኝ በኋላ «መልካም ሰዎች ናቸው» አሉ። ከዚያም ጥቂት ዝም ብለው፥ እኔ ያልጠበቅሁትን ተናገሩ፦

«እኛስ ግን ምን አደረግን? እዚህ ከተማ ሸማኔ ብለው ሲንቁን አዝነናል። በአገራችን በደጋው ሸክላ ሠሪውንና ቆዳ ፋቂውን እንዴት እንደምናደርጋቸው ታውቃለህ። አብረን አንበላም፥ ልጅ አንሰጥም ነበር። አባቴ የሚበላበትን ሸክላ የሠራችው ሴት ከደጃችን አልፋ አትገባም ነበር። እኔም ልጅ ሆኜ ስቄባት አውቃለሁ።»

ወጣት አንባቢዎች ሆይ፥ ይህን ቃል ልብ በሉት። በአገራችን ሠራተኛን በሥራው መናቅ የቆየ በሽታ ነው። ብረት ቀጥቃጩን፥ ሸማኔውን፥ ሸክላ ሠሪዋን፥ ቆዳ ፋቂውን ይሰድቡ የነበሩት ሰዎች የሚያርሱበት ማረሻ፥ የሚለብሱት ሸማ፥ የሚበሉበት ምጣድ፥ የሚተኙበት ቁርበት ከእነዚያው እጅ የመጣ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ይህ ነገር አገርን እንደሚጎዳ ተረድተው በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ከለከሉ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ እኔ ግን የዚያው አገር ልጅ፥ የተማርሁት ሰው፥ በመንገድ ላይ አጎቴን ካድሁ። አዋጅ ምላስን ሊያስር ይችላል፤ ልብን የሚያርመው ግን ሰው ራሱ ነው። የሚያሳዝነውም የተናቀ ሰው ንቀትን ይጠላል ስንል፥ እርሱ ደግሞ ከበታቹ የሚንቀው ሰው ሲፈልግ መገኘቱ ነው።

ከቤቱ ወጥተን በግቢው ውስጥ ከአንድ ዛፍ ሥር አረፍን። አጎቴ ምርኩዛቸውን በጕልበታቸው ላይ አጋድመው ተማሪዎቹ ደብተራቸውን ይዘው ሲያልፉ ይመለከታሉ። እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት የማስበው ከግቢው ውጪ ስላለችው፥ የዛሬ ብዙ ዓመት ስላለፍሁባት መንገድ ነበር። ዛሬ ካልተናገርሁ መቼም እንደማልናገር አወቅሁ።

በጋሞ አገር ይቅርታ የሚለምን ሰው እርጥብ ሣር ይዞ ይንበረከካል። ይህን ሥርዓት ሌላው አገር ያወቀው በመስከረም 2011 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ በቡራዩ ብዙ ሰዎች ተገድለው፥ ከሞቱትም ጋሞዎች ስለ ነበሩበት፥ በአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል ተነሥተው ነበር። የጋሞ ሽማግሌዎች ግን እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በመንገዱ ላይ ተንበረከኩባቸው። ወጣቶቹም በሽማግሌዎቹ ላይ ተራምደው ማለፍ አልቻሉም፤ ተመለሱ። እነዚያ ሽማግሌዎች ግንብ ቤትም፥ ዘበኛም፥ መትረየስም አልነበራቸውም። በእጃቸው የያዙት ከብት የሚበላውን ሣር ነበር፤ ነገር ግን ግራዚያኒ በመትረየስ ያላገኘውን ክብር አገኙ።

እኔም ከተቀመጥንበት አጠገብ አንድ እፍኝ ሣር ነጨሁ። ተማሪዎቹ ቢያዩኝ ምን ይላሉ የሚል አሳብ መጣብኝ፤ ያው የጥንቱ አሳብ መሆኑን ባወቅሁ ጊዜ በራሴ አፈርሁና በአጎቴ ፊት ተንበረከክሁ።

«ጋሼ፥ ያን ቀን በመንገድ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ሳገኝዎ የተናገርሁትን ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው።

የትኛው ቀን ነው ብለው አልጠየቁኝም። ስለዚህ ሰምተው እንደ ነበረ በዚያው ቅጽበት አወቅሁ። ያ ሁሉ ዓመት፥ ያ ሁሉ እራት፥ ያ ሁሉ የትምህርት ቤት ክፍያ፥ እያወቁ የሰጡኝ ነበር።

«ሰምተው ከነበረ ለምን ዝም አሉኝ?» አልኋቸው፥ ዕንባዬ እየመጣ።

«ሸማኔ ክር በተበጠሰበት ቍጥር ቢቈጣ ሸማው አያልቅም» አሉኝ። «ይቀጥለዋል እንጂ።» ሣሩን ከእጄ ተቀበሉና ጥቂት ቆይተው እንዲህ ጨመሩ፦ «ነገር ግን አልዋሽህም፤ ቋጠሮው በጣት ሲነኩት ይታወቃል። በዚያ በኩል አጥብቀህ አትጐትተው።»

ይቅር ብዬሃለሁ ብለው በቃል አልተናገሩም። እጄን ይዘው ለመነሣት ተደገፉብኝ፤ እኔም አነሣኋቸው። በዚያው መንገድ፥ በዚያው ሰዓት ከትምህርት በሚወጣው ብዙ ተማሪ መካከል፥ ክንዳቸውን ይዤ ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣን። አንድ የድሮ ባልንጀራዬ ቢገጥመኝና «ማን ናቸው?» ቢለኝ ብዬ ተመኘሁ። ማንም አልጠየቀኝም። ሰው የካደበት ጊዜ አንድ ጊዜ ካለፈ፥ የሚያምንበት አጋጣሚ እንደ ፈቃዱ አይመጣለትም። ስለዚህ ማንም ሳይጠይቀኝ በዚህ ጽሑፍ ልመልስ፤ እኒያ ሰው አጎቴ ናቸው፤ ሸማኔ ናቸው፤ ያስተማሩኝም እርሳቸው ናቸው።

አሁን አጎቴ በላንቴ ይኖራሉ። ሙቀቱን ይወቅሳሉ፥ ትንኙን ይረግማሉ፥ የደጋውን ብርድ ያመሰግናሉ፤ ቢሆንም ማታ ማታ ከሙዙ ጥላ ሥር ተቀምጠው ልጆቹን ሲያጫውቱ ደስ ብሏቸው ይታያሉ። ቤተ መንግሥቱን እንዳዩ ለጎረቤቱ ሁሉ ይተርካሉ። ስለ አልጋው ሲጠይቋቸው «አልጋ ነው» ብለው ያልፉታል፤ ስለዚያ ሸማ ግን ሲናገሩ ገና ሰው ሳይሰለች አያቆሙም። በቤታቸው ጥግ መወርወሪያቸው ተሰቅሏል። እኔም ከሥሩ ስማቸውን፥ የሠሩበትን ሰፈርና በስንት ዓመታቸው ሥራውን እንደ ጀመሩ በወረቀት ጽፌ ለጠፍሁ። እርሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ ምን እንደሚል ጠየቁኝ፤ ሳነብላቸው «ይህ ለሙዚየም ነው እንጂ ለእኔ ቤት አይሆንም» አሉ። ግን ቅደደው አላሉኝም።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ የምመክራችሁ ሦስት ነገር ነው።

መጀመሪያ፥ የታላላቅ ሰዎችን ቤት ሂዱና እዩ። ጎንደርም ያላችሁ የፋሲልን ግንብ፥ ጅማም ያላችሁ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት፥ አዲስ አበባም ያላችሁ ገነተ ልዑልን እዩ። ስታዩ ግን ማን ተቀመጠበት ብቻ ሳትሉ፥ ድንጋዩን ማን ጠረበው፥ እንጨቱን ማን ተሸከመው፥ መጋረጃውን ማን ሸመነው ብላችሁ ጠይቁ። ስማቸው ባይገኝም የእጃቸው ሥራ አለ፤ ማንበብ ለሚያውቅ እርሱም ጽሑፍ ነው።

ሁለተኛ፥ ቤት ሁሉ እንደ ዶርዜ ቤት መሆኑን አትርሱ። የአንዱን ምስጥ ይበላዋል፥ የሌላውን የከሰል ጉድጓድ ያሰምጠዋል፥ የሌላውን ሁከት ይወስደዋል። ቤቱን አንሥቶ ወደ ደኅና ቦታ የሚያደርሰው የጎረቤት ትከሻ ብቻ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ድሩን የሚያውቀው ግን ሸማኔው ነው። የጎረቤቱን ትከሻ የናቀ ሰው ቤቱ ምንም ያማረ ቢሆን በቆመበት ያልቃል።

ሦስተኛ፥ እናንተን ለማስተማር ጀርባው የጐበጠ ሰው በመንገድ ቢገጥማችሁ፥ ልብሱ ያደፈ፥ እጁ የሻከረ፥ ንግግሩ ለጓደኞቻችሁ የሚያስቅ ቢሆንም፥ ቆማችሁ ሰላም በሉት፤ ማን እንደ ሆነም በስሙ ተናገሩ። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። እኔ ያችን አንዲት ደቂቃ ስላልሰጠሁ ብዙ ዓመት ከፍዬባታለሁ፤ ክሩም ምንም ቢቀጠል ቋጠሮው ዛሬም በጣቴ ይታወቀኛል።